ሹመት ያዳብር

ልጄ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር መሆንህን ሰማሁ፤ ሹመት ያዳብር! ዘንድሮ ከሚገቡልህ ልጆች መካከል ማየት የተሳናቸው፣ መስማት የተሳናቸው፣ በክራንችና በዊልቸር የሚሄዱ እንዳሉ ነግረኸኝ «መዝግበናቸዋል» አልከኝ። መመዝገቡማ ቀላሉ ነው።

አባቶች «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» ይሉ ነበር። ተረት ሁሉ እውነት አይደለም፤ ይህኛውን እኔ ሽማግሌው ትቼዋለሁ። የትነበርሽ ንጉሤ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ማየት ተሳናት። ሻሸመኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ኋላም ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩት ልጆች ጋር ተምራ የሕግ ባለሙያ ሆነች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። ዓይነ ስውርነቷ ካለዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናት ራሷ ትናገራለች። በየአብነት ትምህርት ቤቱስ ቅኔ የሚያስነግሩ ዓይነ ስውራን መምህራን መች ጠፍተው ያውቃሉ?

ስለዚህ ዓይነ ስውሩን ልጅ «ሒሳብ ይቅርብህ» የሚል መምህር ካለህ አስቁመው። ያዘነለት ይመስለዋል እኮ! የሒሳቡን ሥዕል በወፍራም ክር ወረቀት ላይ ለጥፎ ያስዳስሰው። መጽሐፉ ታትሟል፣ በብሬል ግን አልመጣም ከተባለ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እስኪመጣ ተማሪዎቹ ምዕራፍ ምዕራፉን ተከፋፍለው እያነበቡ በስልክ ይቅዱለት፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ለፈተና የሚያነብለትንም ሰው በዋዜማው አትፈልግ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቀመር በቅጡ የማያነብ አንባቢ ከፈተናው ብሶ ልጁን ይፈትነዋል። ተጨማሪ ሰዓቱንም እንደ ምጽዋት አትስጠው።

መስማት የተሳናት ልጅ በምልክት ቋንቋ ተምራ እዚህ ስትደርስ የሚያስተረጉምላት ካጣች፣ ክፍል ውስጥ መቀመጧ ምን ይፈይዳል? አስተርጓሚ እንዲመደብ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጻፍ። ዝም ካሉህ ድገም፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። እስከዚያው መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ አያውራ፤ አጠገቧ የሚቀመጡትም የጣት ፊደል ይልመዱ። ልጆች ከእኛ ይልቅ ቶሎ ይይዙታል።

አሁን ደግሞ ሪፖርት ላይ የማይጻፈውን ልንገርህ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ያ በክራንች የሚሄደው ልጅ የት ነው? የጓደኞቹን ጃኬትና ደብተር ይጠብቃል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ «አንተ እዚህ አረፍ በል» ተብሎ ነው። እንዲህ እንዳረፈ አሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል፣ ያውም ከጨረሰ። ይዳኝ፣ ነጥብ ይያዝ፣ ተቀምጦም ኳስ ይወርውር። ሚኒ ሚዲያው ላይ ዜና ያንብብ። ልጅ ትምህርት የሚያቋርጠው ትምህርቱ ሲከብደው ብቻ መስሎህ እንዳትሳሳት፤ በእረፍት ሰዓት የሚያወራው ሰው ሲያጣም ይቀራል። ቅጽል ስም የሚያወጡለትን በዝምታ አትለፍ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ግን ሰልፍ ላይ ቆመህ «እዘኑለት» ብለህ አትስበክ፤ በሁሉም ፊት ታሸማቅቀዋለህ። ለብቻው ጠርተህ «ምን ይሻልሃል?» በለው። ብዙ ጊዜ የሚጠይቅህ አንተ ከፈራኸው ያነሰ ነው።

ስለ ሕንፃው አንድ ነገር። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ገና ያኔ አዝዞ ነበር። በአንዳንድ ቦታ መጸዳጃው ተሠርቶ ሳለ ተቆልፎ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ይሆናል። ሴቶቹ ልጆች ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉት ለምን ይመስልሃል? ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ዛሬውኑ ጠይቅ። ዊልቸር የሚጠቀመው ልጅ የተመደበበት ሴክሽን ሦስተኛ ፎቅ ነው አልከኝ፤ ወደ ግራውንድ ለማውረድ በጀት አያስፈልግም፣ የክፍል ድልድሉን መቀየር ነው። ፎቅ የሚወጡት መምህራን ያጉረመርሙ ይሆናል፤ ያጉረምርሙ። አንተ ግን ትምህርት ሳይጀመር አውርደው።