ደመወዝና ድርሻ

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ካለቀ በኋላ የሚያስገኘው ጥቅም የማን ነው? ባለቤቱ ሐሳቡን ያፈለቀው ብቻ ነውን፣ ወይስ እጁን ያሳረፈበት ሁሉ? ጥያቄው የቆየ ነው። ስቲቭ አልቢኒ የተባለው አሜሪካዊ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያ የሰጠው መልስ ግን ያልተለመደ ነበር።

ከቦስተን የተነሣው ፒክሲስ የተባለ የሮክ ባንድ «ሰርፈር ሮዛ» የተሰኘውን አልበም የቀረጸው በ1987 መጨረሻ ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1988 ያሳተመው ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ያልወገነው የለንደኑ ፎር ኤዲ ነው። አልቢኒ ለድካሙ 1,500 ዶላር ተቀበለ። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ሊደርሰው ይችል የነበረውን ሮያሊቲ ግን አልፈለገም። አልበሙ በ2005 በአሜሪካ የወርቅ ማዕረግ ሲያገኝ፣ ይኸውም ግማሽ ሚሊዮን ቅጂ ሲደርስ፣ የእርሱ ሒሳብ ከተዘጋ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር። ኋላም ለኒርቫና ባንድ በጻፈው ባለ አራት ገጽ ደብዳቤ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ እንዲከፈለው ጠየቀ፤ በ1993 ለወጣው «ኢን ዩተሮ» 100,000 ዶላር ወስዶ ድርሻውን ተወ። በአልበም ሽፋን ላይ እንኳ «አዘጋጅ» ከመባል «የቀረጸው» መባልን ይመርጥ ነበር።

አቋሙ የሚያስከብር ነው። ይሁን እንጂ «ሰርፈር ሮዛ»ን ያስወደደው አንዱ ነገር የከበሮው ድምፅ መሆኑ፣ ይህም ማይክሮፎኖቹን በክፍሉ ውስጥ ካቆመው ሰው ጥበብ ተለይቶ የማይታይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በአልቢኒ አስተሳሰብ ግን ከበሮው የመቺው ነው፤ የቀረጸው ሰው ያለውን አስቀረ እንጂ የሌለውን አልፈጠረም።

ይህን አስተሳሰብ የሚፈትነው የእንግሊዛዊቷ ድምፃዊት የክሌር ቶሪ ታሪክ ነው። በ1973 ፒንክ ፍሎይድ የተባለው ባንድ በአቢ ሮድ ስቱዲዮ አስቀርቧት ያለ ቃል እንድታዜም ጠየቃት፤ እርሷም ዜማውን እዚያው እየፈጠረች አዜመች። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር። ዜማው ያለበት አልበም «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች ተሸጠ።

ሁለቱም የተከፈላቸው አንድ ጊዜ ነው፤ ልዩነቱም በገንዘቡ መጠን አይደለም። አልቢኒ የሚተወውን ነገር አውቆ፣ ዋጋውን ራሱ ቆርጦ ተወ። ቶሪ ግን የተቀጠረችው ለድምፅዋ ሲሆን የሰጠችው ድርሰት ነበር። የአልቢኒ ምሳሌ እዚህ ላይ ያነክሳል፤ ቧንቧ ሠራተኛ ውሃውን አያፈልቅምና። እርግጥ በማይክሮፎኑና በዜማው መካከል ያለው ድንበር ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ አይደለም፤ አሠሪ ደግሞ ድንበሩን ወደሚጠቅመው ወገን ሊገፋው ይችላል።

ቶሪ በ2004 ክስ መሠረተች። ጉዳዩ በ2005 በስምምነት አለቀ። የገንዘቡ ልክ ለሕዝብ አልተነገረም፤ ስሟ ግን ከዚያ በኋላ በወጡት እትሞች ላይ በደራሲነት ከሪቻርድ ራይት ስም ጎን ታትሟል።