የጦርነት መጽሐፍ ለተማሪ ምን ያስተምረዋል?

ከሚዛን ተፈሪ በቦንጋ በኩል ወደ ጅማ የሚሄድ ተማሪ የጎጀብን ወንዝ ሲሻገር ውሃውን ያያል እንጂ በ1929 ዓ.ም. በዚያ የሆነውን አያይም። በዚያ ዓመት የልዑል ራስ እምሩ ጦር ከወንዙ አጠገብ በጠላት ተከቦ እጁን ሰጠ። ከተማረኩትም አንዱ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባባሪዎቹ መንግሥታት ጦር እስኪያስፈታቸው ድረስ በኢጣልያ ታስረው ኖሩ። የዚያንም ጦርነት ነገር «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው አቈይተውልናል።

የታሪክ ትምህርት ያሸነፈው ማን እንደ ሆነ ይነግረናል። የተማረከ ሰው ማስታወሻ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም መሸነፍና መሳሳት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ይህን ያልተማረ ወጣት ነገ በተሾመ ጊዜ ፍርዱ ለበረታው ያደላልና፣ መምህሩ ከዘመን ቍጥር አስቀድሞ ይህን ያስተምረው።