ቢላዋው ገባ፣ ባለእጁ ቀረ

«ባለእጅ» ማለት እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። «ጠይብ» የሚለው ቃልም የ«ጠቢብ» ዘመድ ነው። ሁለቱም ሲወለዱ ምስጋና ነበሩ። ታዲያ እንዴት ሆኖ በአፋችን ላይ ስድብ ሆነው አረፉ? ለመሆኑ ሰው ዕለት ተዕለት የሚገለገልበትን ዕቃ እያከበረ፣ ዕቃውን የሠራለትን ሰው መናቅ ይችላልን? እኛ ችለናል። የሚገርመኝ እንዴት እንደቻልን ነው።

በአርሲ፣ የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአርቦዬ የገዛሁት አንድ ቢላዋ አለኝ። ብረቱ የአሮጌ ጭነት መኪና ባሌስትራ ነበር። ባሌስትራ ዘመኑን ሁሉ ሲጎብጥና ሲቃና ኖሮ አንድ ቀን ሲሰበር ይጣላል፤ ቀጥቃጩ፣ በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባለው፣ የሚፈልገው ግን ያን ጊዜ ነው። በመቶ 0.5 ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ካርቦን ስላለው ስለት ይይዛልና። ወናፍ በሚነፋው የከሰል እሳት ይግላል፤ በጉጠት ተይዞ መስፉ ላይ ይቀጠቀጣል፤ ይሳሳል። ከዚያ እንደጋለ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ይነከራል። ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ጠርሙስ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ በለስላሳ እሳት ዳግመኛ መሞቅ አለበት። ቀጥቃጩ የሙቀት መለኪያ የለውም። ብረቱ ፊት ላይ የሚወጣውን ቀለም አይቶ፣ ገለባ ሲመስል ያነሣዋል። ቢዘገይ ስለቱ ይለዝባል፤ ቢቸኩል ቢላዋው ይሰበራል። ይህ እውቀት ካልሆነ እውቀት ምንድነው?

በሌላው ዓለም «የደማስቆ ብረት» እየተባለ የሚወደስ ብረት አለ፤ ፊቱ ላይ የውሃ ሞገድ የሚመስል መስመር ይታያል። ጥንት ጥሬ ብረቱ ከህንድ ይመጣ ነበር። አሠራሩ ከጊዜ በኋላ ስለጠፋ ሊቃውንት በላቦራቶሪ ምስጢሩን ሲፈልጉ ኖረዋል። ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው ባመዛኙ ልዩ ልዩ ብረት ተደራርቦ የሚሠራ ነው። ከዚያ የተረፈው ቁርጥራጭ እንኳ አይጣልም፤ ተቀጥቅጦ በትእዛዝ የሚሠራ ቢላዋ ይሆናል። ሠሪውም ብዙ ጊዜ ምልክቱን ስለቱ ላይ ይቀርጻል። በአርቦዬው ቢላዋ ላይ ግን የማንም ስም የለም። እንግዲህ ሁለቱም ከቁርጥራጭ ከተሠሩ፣ አንዱን ሠሪ ባለስም፣ ሌላውን ስም አልባ ያደረገው ብረቱ አይደለም ማለት ነው።

አፄ ምኒልክ ይህ ነውር ገብቷቸው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ሁሉም ከአንድ አዳምና ሔዋን የተወለደ መሆኑን አስታውሰው፣ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ። ብዙዎች ምክንያቱ አለማወቅ ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ የበዓል በግ ያለ ቢላዋ አይታረድም። በብዙ አካባቢ ርስት የተከለከለው ሰው፣ ባለርስቱ ያለ እርሱ መኖር የማይችል ሆኖ ተገኘ። ይህን ጥገኝነት አምኖ ከመቀበል «ቡዳ ነው» ማለት ይቀላል። ቡዳ ማለት እኮ «ኃይል አለው» ብሎ መመስከር ነው፤ ምስክርነቱ ተገልብጦ ክስ ሆነ እንጂ። ንቀታችን ያለመክፈል ብልሃት ነበር፤ ባለዕዳ አበዳሪውን እንደሚሸሽ ሁሉ።

«ይህ ያለፈ ታሪክ ነው» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እርግጥ ነው፣ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት አፍርሷል። በከተማም በያጁንና ቶርኖ ሠራተኛውን ቡዳ የሚለው የለም። ይሁን እንጂ የተለወጠው አስተያየታችን ነው ወይስ የሙያው ስም? ልጃችን የቀጥቃጭ ልጅ ላግባ ሲለን ፊታችን ምን ይመስላል? ያ ዕለት ከአዋጅ ሁሉ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ከወደቀ መኪና የተነቀለ ብረት ስለት ከያዘ ማዕዳችን ላይ እናቀርበዋለን፤ ያለፈ ኑሮውን አንጠይቀውም። ሰውን ግን እጁን ከማየታችን በፊት ዘሩን እንጠይቃለን። ለብረት የሰጠነውን ፍርድ ለሰው የምንነፍገው በምን ሕግ ነው? መልሱን ከመስጠታችን በፊት ግን አንድ ቀላል ነገር ማድረግ እንችላለን፦ ቢላዋ ስንገዛ ዋጋ ከመከራከራችን በፊት የሠሪውን ስም መጠየቅ።