የድሜጥሮስ ሱባኤ በጅቡቲ ምሽት

እናቴ ሰው አትቆጥርም። ጎጃም ላይ «ስንት ልጅ አለሽ?» ያላትን ሁሉ «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ብላ ታልፈዋለች። ዳዊት ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ መቅሠፍት እንደ ወረደ እየሰማች አድጋለችና አልፈርድባትም። የእኔ እንጀራ ደግሞ ቁጥር ነው፤ ጅቡቲ ከተማ በትራንዚት ሥራ ወደ አገራችን የሚሻገረውን ኮንቴይነር ስቆጥር እውላለሁ። ማታ ማታ ከ9 ዓመቷ ልጄ ጋር በቁጥር መጫወት ከጀመርን ወዲህ የእናቴ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። መቁጠር ድፍረት ነው ወይስ ጸሎት?

ጨዋታው የተጀመረው በሐምሌ ነው። ውጭ ካምሲኑ አቧራ ያነሣል፤ መብራት ጠፍቷል፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ተቀምጠናል። አባቴ ባሕረ ሐሳብን፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ በተረት ነበር ያስያዘኝ፤ እኔም በዚያው ጀመርሁ። ድሜጥሮስ የሚባል አትክልተኛ ነበር፤ ኋላ የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ሆነ። አጽዋማትና በዓላት ቀናቸውን እንዳይለቁ ይመኛል፤ ስሌቱን ግን አያውቅም። መልአክ መጥቶ ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባኤ እንዲገባ ነገረው።

አንድ ሱባኤ 7 ቀን ነው። «23 ጊዜ 7 ስንት ይሆናል?» አልኋት። ያጠራቀምነውን የቴምር ፍሬ ሠላሳ ሠላሳ እየከመርን እንድንገድፍ፣ ክምሩን ጥለን ቀሪውን እንድንይዝ ነበር ሐሳቤ። እሷ ፍሬውን አልነካችም። ዓይኗን ጨፍና 161 አለች፤ 131፣ 101፣ ቀጥላ 71 ላይ ስትደርስ «ሷሳንት ኤ ኦንዝ!» ብላ ሳቀች። ትምህርቷ በፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛ 71ን «ስድሳና ዐሥራ አንድ» ይለዋል። ስድሳው ሁለት ሠላሳ ነው፤ ጣለችው፤ 11 ቀረ። ጥንተ አበቅቴ፣ የስሌቱ አንዱ መነሻ! የቀኑን ሱባኤ በአማርኛ ሠራችው፤ 49፣ ሠላሳው ሲገደፍ 19። ጥንተ መጥቅዕ፣ ሌላው መነሻ። ሁለቱ ሲደመሩ 30 እንደሚሞሉ አልነገርኋትም፤ ራሷ አየችው። እኔ ማባዛትን የተማርሁት ከአለንጋ ጋር ነው፤ ያን ፍርሃት አላወርሳትም።

ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «አባዬ፣ ፋሲካ መቼ እንደሆነ ስልኩ ይነግረን የለ?»

መልሱን ለማግኘት ቀናት ፈጀብኝ። ዳዊት ያስቆጠረው ሰይፍ የሚመዝዙትን፣ የእጁን ኃይል ነው። ድሜጥሮስ የቆጠረው በእጁ የሌለውን፣ ገና የሚመጣውን በዓል ነው፤ ያውም ጾሞ። ስልኩ ቀኑን ይነግረናል፤ የሚጠብቀው በዓል ግን የለውም። ልጄ ሠላሳውን ስትገድፍ ትጠብቃለች፤ ለፋሲካ ልቧ ከወራት በፊት ይነሣል። እናቴም ብትሆን ልጆቿን አትቁጠር እንጂ ሌሊት ተነሥታ በመቁጠሪያዋ 41 እግዚኦታ ታደርሳለች። እሷም ትቆጥራለች፤ የምትቆጥረው ምሕረት የምትለምንበትን ነው። ስለዚህ መቁጠር ጸሎት ሊሆን ይችላል እላለሁ፤ ቢያንስ በእኛ ቤት ሆኗል።

ሰሞኑን የ2019 ዓ.ም.ን አወጣን። 5500 ሲጨመርበት 7519፤ በ19 ሲገደፍ 14፤ እዚህ ላይ እኔ አገዝኋት። አንድ ተቀንሶ ወንበሩ፣ ማለትም ማባዣው፣ 13። የቀረውን ያለ ወረቀት ብቻዋን ጨረሰችው፦ 13 በ11 ተባዝቶ 143፣ በ30 ተገድፎ አበቅቴው 23፤ ለሠላሳ የጎደለው መጥቅዕ 7። የድሜጥሮስ 23 እና 7 ተመልሰው መጡላት። ከመጥቅዑ ተነሥተን ስናወጣው ፋሲካው ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል።