በየትኛው በር ገባች?

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከቁምስናችን ምእመናን አንዲት እናት ሊያነጋግሩን መጥተው ነበር። ልጃቸው ከአባቷ ጋር በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ግዛት የምትኖር ስትሆን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በመልካም ውጤት ፈጽማለች። እናቲቱም ለጎረቤቱና ለዕድርተኛው ሁሉ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች» ብለው አበሠሩ። ይሁን እንጂ ልጅቱ የገባችው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ለመኖሪያዋ ቅርብ የሆነ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነበር፤ የትምህርት መስኳም ሥነ ልቡና ነው። እናቲቱ ይህን ካወቁ በኋላ እንኳ የተናገሩትን አላረሙም። አንድ ቀን ልጅቱ ከአክስቷ ጋር በስልክ ስትጫወት ነገሩ ተገለጠ። ወዲያውም እናቷን «እማዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው ያፈርሽብኝ?» ስትል ጠየቀቻቸው። «አባ፣ መልስ አጣሁላት» አሉን እናቲቱ።

እኛም ሳናስብ ከአፋችን ያወጣነው የመጀመሪያ ቃል «ውጤቷ መልካም ከሆነ ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ለምን አልገባችም?» የሚል ነበር። ቃሉ ከወጣ በኋላ ግን የእናቲቱ እፍረት በእኛም ዘንድ እንዳለ ተረዳን። ስለዚህ ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ለመሆኑ ሰው የሚመዘነው በገባበት በር ነውን?

በመጀመሪያ እፍረቱ ከየት እንደመጣ እንመልከት። በአገራችን «ኮሌጅ» የሚለው ቃል ለብዙ ወላጅ «ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰው» ማለት ሆኖ ይሰማል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኞች 3.3 ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። በሩ እንዲህ በጠበበ ቁጥር በሩ ራሱ የክብር መለኪያ እየሆነ ይሄዳል። እናቲቱ በልጃቸው ላይ ያዋሉት ሚዛን ከዚህ የተወሰደ ነበር። ሚዛኑ ግን ለሌላ አገር ሥርዓት የተሠራ አልነበረም።

በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የወደቁ ሰዎች መጠለያ አይደለም። ከእነዚህ የመንግሥት ኮሌጆች ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ ተከፈተ። ከመጀመሪያውም ዓላማው ወጣቶች ከቤታቸው ሳይርቁ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ትምህርት እንዲያገኙ ነበር። ተማሪው በኮሌጁ 60 ያህል ክሬዲት ሰዓት አጠናቆ አሶሼት ዲግሪ ይቀበላል፤ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ 60 ያህሉን ቀሪ ክሬዲት በመማር የመጀመሪያ ዲግሪውን ይይዛል። ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በዚያ ከተማረው ሰው ዲግሪም አይለይም። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሕግ ለዝውውር የተዘጋጀውን አሶሼት ዲግሪ ያገኘ ተማሪ ወደ ካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት እንዲገባ ዋስትና ሰጥቷል፤ ሥነ ልቡናም ይህ ዲግሪ ከሚሰጥባቸው መስኮች አንዱ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያም ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 «አድቫንስ» የተባለ የጋራ መንገድ ከፍተዋል።

የወጪውም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በካሊፎርኒያ ለግዛቱ ነዋሪ የአንድ ክሬዲት ክፍያ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 46 ዶላር ነው፤ ስለዚህ 60ው ክሬዲት፣ መጻሕፍትንና ሌሎች ወጪዎችን ሳይጨምር፣ 2,760 ዶላር ይሆናል። የሥነ ልቡና ተማሪ ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው። በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው ይህ ትምህርት የአእምሮ ሕሙማንን ብቻ የሚመለከት ይመስለዋል። ነገር ግን የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ጠባይ በጥናት የሚመረምር ሰፊ መስክ ነው፤ መድኃኒት የሚያዝዘው የአእምሮ ሐኪም ግን በሕክምና ትምህርት ቤት ያለፈ ሌላ ባለሙያ ነው። በአሜሪካ በምክር አገልግሎት ፈቃድ አግኝቶ ለመሥራት በጥቅሉ የማስተርስ ዲግሪ፣ የሥነ ልቡና ሊቅ ተብሎ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ በአብዛኛው የዶክትሬት ዲግሪ ያስፈልጋል። ገና ብዙ ዳገት የሚጠብቀው መንገደኛ ስንቁን በመጀመሪያው ወንዝ ዳር አይጨርስም። አጠቃላይ ሥነ ልቡና፣ ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ በኮሌጁ የሚሰጡ ትምህርቶች ናቸው፤ ልጅቱ እነዚህን ያለ ከባድ ዕዳ መማሯ የአእምሮ ማነስ ሳይሆን የማስተዋል ምልክት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከተረዳን በኋላም እፍረቱ የማይለቀን ስለ ምንድን ነው? ልጅቱ ከምታጠናው መስክ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 ባቀረበው ሐሳብ፣ ሰው ራሱን የሚመዝንበት ተጨባጭ መለኪያ ሲያጣ ከሌሎች ጋር በመተያየት ይመዝናል ይላል። በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ ያለውን የእውቀት ጥማት ጎረቤት ሊያየው አይችልም፤ የትምህርት ቤቱን ስም ግን ይሰማል። ስለዚህ የማይታየውን ትተን የሚሰማውን እንነጋገራለን፤ ውሎ አድሮም የሚሰማውን ከማይታየው እናስበልጣለን።

ጥንታዊው ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ጠባይ ባስተማረበት ሥራው ሦስት ዓይነት ሰዎችን ይለያል። አንዱ ከሚገባው በላይ ለራሱ የሚሰጥ ከንቱ ነው፤ ሌላው ከሚገባው በታች ራሱን የሚያሳንስ ነው፤ ሦስተኛው ግን ልኩን ዐውቆ በልኩ የሚኖር ነው። በዚህ ሚዛን ስናየው ልጅቱ ሦስተኛዋ ናት፤ አቅሟንና ሩቁን ግብ አይታ የሚያደርሳትን መንገድ መርጣለችና። ለከንቱነት የቀረብነው ስለ እርሷ ያፈርነው እኛ ነን። ትሕትና ራስን ማዋረድ ሳይሆን እውነትን በልኩ መናገር ነው። «ዩኒቨርሲቲ ገባች» የሚለው ቃል ትንሽ ውሸት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን «እውነትሽ ለሰው ፊት አይበቃም» የሚል መልእክት ለልጅቱ አድርሶባታል። የተጎዳውም የእናቲቱ ስም ሳይሆን የልጅቱ ልብ ነው።

ይህን ስንል ግን መንገዱ አደጋ የለበትም ማለታችን አይደለም፤ እፍረትን ለማራቅ ብለን እውነትን ብንሸሽግ ያው ስሕተት ይሆናልና። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚጀምሩት መካከል ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩት ሲሶ ያህል ናቸው፤ በ6 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዙትም ከመቶ 16 ያህል ብቻ ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ከ2004 እስከ 2009 ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ ከክሬዲታቸው 43 በመቶ ያህሉን አጥተዋል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ሥራና ቤተሰብ ተሸክመው ይማራሉ፤ ሌሎቹም የሚወስዱት ትምህርት በሚዛወሩበት ዩኒቨርሲቲ ይቆጠር እንደሆነ አስቀድመው አይጠይቁም። ታናሹን በር መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን መንገድ ሳያዩ መግባት ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ አርቆ ማስተዋል የሚባለው የምግባር ኃይል እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ተማሪው መድረሻው የሚሆነውን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት ይምረጥ፤ በኮሌጁና በዩኒቨርሲቲው መካከል ያለውን የዝውውር ስምምነት በጽሑፍ ይያዝ፤ የትምህርት አማካሪውን በየሴሚስተሩ ያነጋግር፤ ስታቲስቲክስንም ስለከበደው ብቻ ወደ ኋላ አይግፋው። ደግሞም ሙሉ ወጪውን የሚሸፍን ዕርዳታ ከዩኒቨርሲቲ ያገኘ ልጅ ቢኖር በቀጥታ መግባቱ ለእርሱ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ማስተዋል ለሁሉም አንድ መንገድ አያዝዝም፤ ለእያንዳንዱ የሚያደርሰውን መንገድ ይፈልጋል እንጂ።

ለእናቲቱም ያልናቸው ይህንኑ ነው። «እንግዲህ ዛሬ ማታ ይደውሉላት፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ስም ሳይሆን በዚህ ሳምንት ምን እንደተማረች ይጠይቋት» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ለዕድርተኛውስ፣ አባ?» አሉን። «ለእነርሱም እውነቱን ይንገሩ» አልን፤ ከሁለቱ ይኸኛው እንደሚከብዳቸው ግን ከፊታቸው አየን።

የተወደዳችሁ ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ የፈተና ውጤት በሚነገርበት ወራት ልጆቻችንን አስቀድመን የምንጠይቃቸው «የት ገባህ? የት ገባሽ?» ብለን ነው። ይህ ጥያቄ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እዚያው ላይ ስንቆም ግን ልጁ የሚሰማው በሩ ከእርሱ እንደሚበልጥ ነው። ስለሆነም ሁለተኛውን ጥያቄ እንልመድ፤ «ምን እየተማርሽ ነው? ወዴትስ ልትደርሺበት አስበሻል?» እንበል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላት ልጅ በየትኛውም በር ብትገባ ልናፍርባት አይገባንም።