የሥጋ አደራ

ሥጋን መንከባከብ የነፍስ እንቅፋት ነው ወይስ ከፈጣሪ የተሰጠ አደራ የሚለው ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ ሳይሆን፣ በጉመር ደጋ፣ በአረቅጥ፣ እንሰት በከበበው ቤት ማዕድ ዙሪያም የሚነሣ ነው። እናቶች ከእንሰቱ ፍቀው በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ የሚቀብሩት ቆጮ፣ ለዐይን በማይታዩ ባክቴሪያዎች ኃይል እየኮመጠጠ ብዙዎቹን ጎጂ ተሕዋስያን እንደሚያግድ የዘመናችን ምርምር ሲገልጽ፣ ጥበቡ ከቤተ ሙከራ አስቀድሞ በእነርሱ እጅ እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ ያው ምርምር ግን ቆጮ ብርታት ሰጪ ሆኖ ሳለ ፕሮቲኑ አነስተኛ መሆኑን፣ ስለዚህም አይቡና ባቄላው ሊለዩት እንደማይገባ፣ ጥሬ ክትፎም የኮሶ ትል ሊያስተላልፍ እንደሚችል ያስተምራል።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በጾም ሥጋን ለነፍስ ሲያስገዛ ለሕሙማን የሚራራ፣ የእስልምናም ሕግ በረመዳን ለበሽተኛና ለመንገደኛ ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሁለቱም ሥጋን መግዛትን እንጂ ማጥፋትን አላዘዙም ማለት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለው የምርምር ዕውቀት እምነትን የሚሽር ሳይሆን ግዴታውን የሚያከብድ ነው፤ ሳያውቅ የበደለ ይቅርታ ቢገባውም፣ የክትፎውን ሥጋ ጤንነት ሳያስመረምር ለእንግዳው የሚያቀርብ ዐዋቂ ግን በሰውም በፈጣሪም ፊት ተጠያቂ ነው።