ተጫዋች የነበረ ዳኛ



በአንድ ነገር ውስጥ የኖረ ሰው በዚያው ነገር ላይ ሊፈርድ ይገባዋልን? አንዳንዶች «አይገባውም፤ ልቡ ወደ ወገኑ ያዘነብላል» ይላሉ። ሌሎች «ያልቀመሰው አያውቀውም» ብለው ይመልሳሉ።

በእንግሊዝ አገር ዴቪድ ሼፐርድ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1979 ለግሎስተርሻየር አውራጃ ክሪኬት ተጫወተ። ኋላም ዳኛ ሆኖ የ1996ን፣ የ1999ንና የ2003ን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎች ዳኘ። የተጫዋቹን ድካምም ተንኮልም የሚያውቅ ዳኛ እንደሚጠቅም ይህ ያሳያል። ነገር ግን ዕውቀት ብቻውን ፍርድን አያቀናም።

ወደ አገራችን እንመለስ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል። በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አሠልጣኝ ነበሩ። ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያ ወንበር ፊሽካ ባይነፉም ፍርድ ይጠበቅባቸው ነበር።

በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲደረግ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም ስላለች ከውድድሩ ቀረች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ነበረችና ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። ተጠራጣሪ ሰው «ይህ ውሳኔ ለኢትዮጵያ ጠቀማት እንጂ ምን ጽድቅ አለበት?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በኋላው ዘመን ይገኛል፤ አቋሙ ለኢትዮጵያ አንድ ጨዋታ እንኳ በማያስገኝበት ጊዜ አቶ ይድነቃቸው አፓርታይድን መቃወማቸውን አልተዉም።

እንግዲህ ዳኛን የምንመዝነው በመጣበት ወገን አይደለም። ጥቅሙ ሲቀር ፍርዱ ይጸናልን? ብለን ነው። ከዚህም የሚከብድ አለ፤ ያው ሕግ በራስ ላይ ሲዞር መቀበል።

በእኛ በዲክሲስ የአንዱ ከብት የሌላውን ገብስ ሲበላ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ራሳቸው ገበሬዎች፣ ራሳቸውም ከብት ያላቸው ናቸው። ስለዚህ የገብሱንም ዋጋ፣ የእረኛውንም እንቅልፍ ያውቃሉ። የሚታመኑት ግን ከብቱ የገዛ ወንድማቸው በሆነ ጊዜ ያንኑ ካሣ ሲቆርጡ ነው።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች፤ እኛም በኳስ ሜዳ ወይም በጓደኛሞች ጠብ መካከል ስንገባ አስቀድመን «ጥፋቱ የእኔ ወገን ቢሆን ኖሮ ይህንኑ እል ነበርን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱ «አይደለም» ከሆነ ፍርዱን ለሌላ እንተው።